ሰሜን ኮከብና የጎረቤታችን በር

ሰውን ቶሎ አላምንም። እናቴ «አንተ እኮ ስትወለድም አዋላጇን በጎሪጥ ነው ያየሃት» ትለኛለች። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሙሽራና ተመራቂ ሳነሣ ነው የኖርኩት፤ ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ያልሆነውን ለመምሰል ሲጣጣር እያየሁ እዚህ ደርሻለሁ። በዚህ ሥራ የዋለ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የተረተው ሰው፣ በዘመኑ ካሜራ ቢኖር ኖሮ፣ ፎቶ አንሺ ይሆን ነበር እላለሁ።

ቴሌስኮፕ የመግዛት ሐሳብ የመጣብኝ ባለፈው ዓመት ጥር፣ ሮብ ገበያ አካባቢ ሠርግ አንሥተን ስንመለስ ነው። የመኪናችን ጎማ ተነፈሰና ሾፌሩ እስኪቀይር ወርደን ቆምን። በአካባቢው መብራት የሚባል ነገር አልነበረም። ቀና ስል ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል፤ ክፍት ቦታ የቀረው አይመስልም። ካሜራዬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ አነሣሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ግን እያንዳንዷ ኮከብ ተጎትታ መስመር ሆናለች። መሬት ስትዞር ካሜራዬም አብሯት ስለሚዞር ከዋክብቱ ጥለውት ይሄዳሉ። ይኼን በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ በገዛ ካሜራዬ ላይ ሲደርስ ግን ተናደድኩ። የሰው ሠርግ ያላበላሸሁ ሰው ሰማይን አበላሽቼ ልቅር?

ሻጩን ያገኘሁት በቴሌግራም ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚሸጥ፣ ድምፁ የጎረምሳ የሆነ ሰው ነው። መጀመሪያ የላከልኝ የአንድ ትልቅ ነጭ ቱቦ ፎቶ ነበር፤ ቱቦው የበር መቃን ያህላል፣ የቆመበት እግር ግን ሸምበቆ ነው የሚመስለው።

«ጋሼ፣ ይኼ ጨረቃን ቤትዎ ድረስ ያመጣታል። የሚያጎላው ጉድ ነው!» አለኝ።

ማጉላት ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ነገር ሲጎላ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። «ቱቦውን ተወውና እግሩን አሳየኝ» አልኩት።

ብዙ ካነበብኩና ብዙ ቪዲዮ ካየሁ በኋላ የገባኝ ነገር፣ ለዓይን የሚሆን ቴሌስኮፕና ለፎቶ የሚሆን ቴሌስኮፕ አንድ አለመሆናቸው ነው። ለፎቶ ከሆነ ገንዘብን ቱቦ ላይ መጨረስ ሞኝነት ነው። ዋናው ማውንት የሚሉት ከባድ ብረት ነው፤ ቱቦውንና ካሜራውን ተሸክሞ፣ ከዋክብቱን እየተከተለ፣ በሞተር ሳይንገጫገጭ ቀስ ብሎ የሚዞር። ስለዚህ ክንድ የማታህል አጭር ቱቦና ወገብ የሚሰብር ማውንት አዘዝኩ። ካሜራው የሠርጉ ካሜራዬ ነው፤ ከቱቦው ጋር የሚያጋጥመው ቀለበት ብቻ ተጨመረ። ይኼን ስነግረው ሻጩ ወዲያው «ምርጫዎ ትክክል ነው ጋሼ» አለኝ። ደነገጥኩ። ነጋዴ እንዲህ ቶሎ ከተስማማ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር። ሌሊቱን ሙሉ ሐሳቤን ልቀይር ወይ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ፤ ጠዋት ግን ላክልኝ አልኩት።

ኅዳር ላይ ሳጥኑ በአውቶቡስ ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩ። ማውንቱን ያወረደው ተሸካሚ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የፎቶ ዕቃ ነው አልኩት። «ምን የሚያህል ሰው ልታነሣ ነው?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ። እኔ ግን ሳጥኑ የተከፈተ መሆን አለመሆኑን እያገላበጥኩ ነበር።

ቤት ውስጥ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከግቢ ርቃ አትሄድም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሄደው በባጃጅ ነው። የቀረቻት መውጫ በአጥራችን መካከል ያለችው ትንሽ በር ናት። በዚያች በር ሾልካ ወደ ጎረቤታችን ትገባለች። ጎረቤታችን ባልም ልጅም የሌላቸው ሴት ናቸው፤ እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው። ከእናቴ ጋር በአንድ የማርያም ማኅበር ጽዋ ሲጠጡ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ቆይቶ፣ ጥር ላይ በእትዬ ቤት ተጠጥቶ፣ ለየካቲት እናቴ ትረከበው ነበር። እናቴ ከኅዳር ጀምሮ የምታወራው ስለዚህ ተራ ብቻ ነው። እሷ ወደ ማኅበርተኞቿ ቤት መሄድ ስላቃታት፣ እነሱ ሁሉ ተሰብስበው ወደ እሷ የሚመጡበት ቀን ከዓመት በዓል ይበልጥባታል። ለድግሱ የሚሆነውን ጌሾ አስቀድማ አስገዝታኝ ነበር።

ማውንቱ ከዋክብትን ተከትሎ እንዲዞር፣ የሚዞርበት ዘንግ በትክክል ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። ቪዲዮ ላይ የማያቸው ሰዎች ይኼን የሚያደርጉት ወደ ላይ ቀና ብለው ነው፤ በእነሱ ሀገር ሰሜን ኮከብ ከፍ ብላ ነው የምትታየው። የእኛዋ ግን ዝቅ ያለች ናት። ጎጃም ከምድር ወገብ ብዙም ስለማይርቅ ከአድማሱ ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ማውንቱን የሠሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ሀገር መኖሩን የሰሙ አይመስለኝም። ዝቅ ሳደርገው፣ በቱቦው ትይዩ የሚንጠለጠለው ማመጣጠኛ ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። አንዱን እግር በባሕር ዛፍ ጉማጅ ከፍ አድርጌ፣ ሌላውን ወደ ጎን አዙሬ፣ በመከራ ጎንበስ አለልኝ።

ሰሜን የት ነው? እኛ ዘንድ ይኼ ጥያቄ አይጠየቅም። ቤተ መቅደሱ ምሥራቅን ይይዛል፤ ወንዶች በሰሜን በር፣ ሴቶች በደቡብ በር ይቆማሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰሜን ማለት ለእኔ አባቴ እጄን ይዞ የሚያስገባኝ በር ነው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከግቢዬ ይታያል። የሰሜኑ በር ወደሚያይበት አቅጣጫ ገመድ ወጠርኩ። የስልኬ ኮምፓስ ከገመዱ ወደ ቀኝ ፈንገጥ ብሎ አሳየኝ። ስልኩን ጠረጠርኩት። እሱ ትናንት የተገዛ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅድመ አያቴ ከመወለዷ በፊት ነበረ። ማንን ልመን? በገመዱ አቅጣጫ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ አንዲት ኮከብ አገኘሁ። ሰሜን ኮከብ ይቺ ናት ብዬ ማውንቱን በእሷ ላይ ቆለፍኩት።

ፎቶው ላይ ከዋክብቱ የጤፍ ፍሬ መምሰል ሲገባቸው ገብስ መስለው ወጡ። ደጋግሜ አነሣሁ፤ ያው ገብስ ነው። ያኔ ሻጩ ለምን ቶሎ እንደተስማማልኝ የገባኝ መሰለኝ። ደወልኩለት።

«ሞተሩ ብልሽት አለበት። እያወቅህ ነው የሸጥህልኝ!»

«ጋሼ፣ ሰሜኑን በትክክል ይዘውታል?»

«አንተ፣ የጎጃምን ሰው ሰሜን ጠፋህ ወይ ትለዋለህ?»

«አይቆጡ ጋሼ፤ ብዙ ሰው በሌላ ኮከብ ይሳሳታል።»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ግን ነገሩ ከነከነኝ። በማግስቱ ግቢው መካከል ቀጥ ያለ እንጨት ተክዬ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ከሁሉም ያጠረበትን ጊዜ ጠበቅኩ። በዚህ ወራት፣ በዚያች ሰዓት ጥላ ወደ ሰሜን እንደሚያርፍ ማንም አይክድም። ጥላው ከገመዴ ጋር አልተስማማም፤ ከስልኩ ጋር ግን ተስማማ። ፀሐይን ልጠረጥር አልደፈርኩም።

የነፍስ አባታችን ቤት ሲመጡ ነገሩን አነሣሁባቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ጠማማ ነው ማለት ስላስፈራኝ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። እሳቸው ግን ሣቁ። «ምሥራቅ ማለት እኮ ለሠሪዎቹ ፀሐይ የወጣችበት ነው። ይኼ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ የተጣለው ከፋሲካ በኋላ ነው ይባላል። በዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን ጠጋ ብላ ነው የምትወጣ። የዕለቱን ፀሐይ አይተው ቀየሱት» አሉኝ። እናቴ ይኼን ስትሰማ «ታዲያ ማን ቴሌስኮፕ ያጥምድበት ብሎ ሠራው?» አለችኝ።

እውነተኛው ሰሜን ከገመዴ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ፣ በቀጥታ በእትዬ ቤት በኩል ነበር። ሲመሽ ኮምፓሱን ተከትዬ ሳይ፣ ሰሜን ኮከብ ከቆርቆሯቸው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላ ቁጭ ብላለች። ማውንቱን ወደ እሷ አዞርኩት። ቱቦው በእትዬ በር አናት ላይ ተነጣጠረ። ራት ሳይቀርብ ከኦሪዮን ከዋክብት መካከል ያለውን ጭጋግ አነሣሁ፤ ከዋክብቱ ክብ፣ ጭጋጉ ቀላ ብሎ ክንፉን ዘርግቶ ወጣ። እንደ ልጅ ዘለልኩ። ካሜራውን ነቅዬ ለእናቴ አሳየኋት። አየት አደረገችና «ይኼ የማን ቤት ጭስ ነው?» አለች። ቢሆንም የዚያን ዕለት ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ሻጩን እንኳ መርቄዋለሁ።

በማግስቱ ማታ ከእትዬ በር ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ትልቅ አምፖል በራ። ብርሃኑ በቀጥታ ቱቦዬ ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አጥሩ ላይ ጆንያ ተሰቀለ። በዚያው ሰሞን እናቴን «ልጅሽ በቀይ መብራት ቤቴ ላይ የሚያጠምደው ምንድን ነው? ኮከብ መቁጠር ጀመረ እንዴ?» ብለዋታል። ቀዩ መብራት ዓይኔ ጨለማ እንደለመደ እንዲቆይ ግንባሬ ላይ የማስረው ነው። እኔ ግን የእትዬን አነጋገር አላመንኩትም። ፎቶዬን ለማበላሸት ሆን ብለው ነው ያበሩት አልኩ። አጥሩን ወደ እኛ ሊገፉ ምክንያት እየፈለጉ ነውም አልኩ።

«ሰው ያላየውን ነው የሚፈራ» አለች እናቴ። «ጥራትና አሳያት።»

እትዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከቱቦው ራቅ ብለው ቆሙ። ቤታቸውን እየሰለልኩ አለመሆኔን ለማሳየት፣ ከቱቦው ጎን ባለችው ትንሿ ማነጣጠሪያ መነጽር የገዛ በራቸውን እንዲያዩ ላደርግ አሰብኩ። እናቴ «እኔ እዚያ እቆምላታለሁ፤ እኔን ትይ» ብላ የአጥሩን ጆንያ ገልጣ፣ በበሩ ሾልካ፣ ከእትዬ ደጃፍ ቆመች። እትዬ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ዓይናቸውን አስጠጉ።

መነጽሯ የምታሳየውን ነገር ትገለብጣለች። ለኮከብ ላይና ታች የለውም፤ እኔም ከለመድኩት ቆይቷል፣ ልነግራቸው ትዝ አላለኝም።

«በስመ አብ ወወልድ!» ብለው ወደ ኋላ ተንደረደሩ። «ዘቅዝቀህ ሰቀልኻት! እህቴን ከደጃፌ ዘቅዝቀህ ሰቀልኻት!»

እናቴ ከማዶ ምንም ሳታውቅ እጇን እያውለበለበችላቸው ነበር። እትዬ እየሮጡ ሄደው ትከሻዋን፣ ራሷን፣ እግሯን ዳበሷት። መነጽሩ ነው፣ መስተዋት ነው እያልኩ በአጥሩ ላይ ብጮህም የሚሰማኝ አልነበረም። እትዬ የሚያውቁት የተዘቀዘቀ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሳለው ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ሲኦል ውስጥ ነው።

ጥር ሃያ አንድ ማኅበሩ በእትዬ ቤት ተጠጣ። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጽዋው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፏል። ጨርቁ ላይ ግን ምንም የለም።

«የታለ?»

«እዚሁ ይቆይ አለች። በሰው ሁሉ ፊት። ማንም ምንም አላለም።» ከዚያ ጌሾውን ለሌላ ሰው እንድሰጠው ነገረችኝ። ስለ ቴሌስኮፑ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሽጠው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴን እንደዚያ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም። የምናገረውን ሁሉ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለ አምፖሉ፣ በልቤ ስደረድር አደርኩ።

በማለዳ የእትዬን በር አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ እናቴን ለምን አዋረዱብኝ?»

«ማን ነው ያዋረዳት?»

«ጽዋውን ለምን ከለከሏት?»

የበሩን መቃን ያዙ። «እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አሉ። «ጽዋው እኔ ዘንድ ከቆየ እሷም ወደዚህ ትመጣለች። እኔው እየደገስሁ፣ እሷ እየመጣች፣ ከዚያ ካጠመድኸው ነገር ራቅ ትላለች። ሲመሽባት ታድራለች። አንተ ወንድ ልጅ ነኸ፤ ነገ አግብተህ ትሄዳለህ። እኔ ያለ እሷ ማን አለኝ?»

እኔ የተዘጋጀሁት ስለ አጥሩ ነበር። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ እፍረት ብቻ ቀረኝ።

«እትዬ» አልኩ፣ «የምትገለብጠው ያቺ ትንሿ መነጽር ናት። ካሜራው ሲገጠም ግን ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው። ዕቃውን እርስዎ ግቢ አምጥቼ ላሳይዎት። እናቴ እኛ በር ላይ ትቀመጥ።»

«ጭራሽ ግቢዬ ልታስገባው?» አሉና አሰቡበት። ከዚያ «ይሁን። ቢያንስ ከዓይኔ ሥር ይሆናል» አሉ።

ማውንቱን ተሸክሜ በአጥሩ በር ሳስገባ እትዬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ጠበቁኝ። ሌንሱን በጨርቅ እንኳ በስስት የምነካ ሰው ነኝ። እሳቸው ጠበሉን እፍኝ እየሞሉ ቱቦውን፣ ማውንቱን፣ ሌንሱን፣ በመጨረሻም እኔን ረጩን።

«እንዳትጠርገው» አሉኝ። አልጠረግሁትም።

እናቴ ከማዶ፣ በራችን ላይ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ለኮከብ የተስተካከለ ሌንስ ቅርብ ያለን ሰው ብዥ ያደርጋል፤ ማስተካከያውን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ፊቷ ከብዥታው ውስጥ እየጠራ መጥቶ በካሜራው ጀርባ ያለውን መስኮት ሞላው። አንድ ጥግ ላይ የጠበሉ ጠብታ ብታደበዝዘውም ሽሩባዋ ከላይ፣ አገጯ ከታች፣ ሁሉም በቦታው ነው።

«ይኸው፣ ቀጥ ብላለች!» አልኩ በድል።

«ዝም በል» አሉኝ።

መስኮቱ ላይ አፍጥጠው ቆዩ። እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬ አየሁ። እናቴን በየቀኑ አያታለሁ፤ እንዲህ ቀርቤ ግን አላየኋትም ነበር። የጉንጯ አጥንት ወጥቷል። ነጠላዋ ሲንሸራተት የአንገቷ ጅማት ይታያል። እሷ መታየቷን ረስታ፣ ወደ አጥሩ ሳይሆን ወደ መሬት ትመለከታለች።

«ከስታለች እኮ» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ቱቦውን ያዩበት በነበረው ዓይን ነው ያዩኝ። «አንተ፣ ምን እያበላሃት ነው?»

ከኅዳር ጀምሮ ከመሸ ከቱቦው ጋር ነኝ፤ እሷ ራቷን ትብላ አትብላ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ማታ የአጥሩ በር ተንኳኳ። እትዬ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በአንድ እጃቸው፣ ትኩስ አጥሚት በትልቅ ኩባያ በሌላው እጃቸው ይዘው ገቡ። ጽዋውን እንደ ደንቡ ለእናቴ አስረክበው ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ አጥሚቱን አስጨበጧትና አጠገቧ ተቀመጡ። «በይ ጠጪ» አሏት፤ እስክትጨርስም ድረስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።